የፖላንድ እንግዶቼን ስም እንዴት ልጥራ? ቋንቋውንስ ከየት ልጀምር?

የጓሳ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። እንግዶችን ወደ አንኮበርና ወደ መንዝ ጓሳ እወስዳለሁ፤ አንዳንዴም በጣርማበር አድርገን ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና እንወርዳለን። ከጥምቀት በኋላ ከፖላንድ የሚመጡ ወፍ ተመልካቾችን እንድቀበል ተነግሮኛል። የስም ዝርዝራቸውም ደርሶኛል።

ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ሕግ ሳነበው እንዲህ ይሆናል፦ ክርዚስዝቶፍ፣ ማልጎርዛታ፣ ዎጅሲች፣ አግኒየስዝካ፣ ፕርዜሚስላው፣ ግርዜጎርዝ፣ ሉካስዝ። እንዲህ ተብሎ የሚጠራ ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ ይገባኛል። ከኤሉ ላይ ጭረት አለ፣ ከኤሱ ጎን ዜድ ተለጥፏል፤ ምን ለማለት እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

ጉዳዩን ቀላል አድርጌ አላየውም። የራሴ ስም በ«ጽ» ይጀምራል። አብዛኛው እንግዳ «ሲ» ብሎ ያልፈኛል፤ አንዱ ግን ጠይቆ፣ ደጋግሞ ሞክሮ በትክክል ሲጠራኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። እኔም እንግዶቼን ከመኪና ሲወርዱ በየስማቸው ልቀበላቸው እፈልጋለሁ። እግረ መንገዴን ቋንቋውን ራሱን መጀመር ብፈልግ ከምን ልነሣ? ደብረ ብርሃን ላይ አስተማሪ አላገኘሁም። የምታውቁ እባካችሁ።


የመንዝ በርኖስ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነበው ልቤ ሞቀ። እኔ ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ፖላንድ ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበርሁ፤ የተማርሁት የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና፣ ከተማዬም ዉች ነበረች። ካርታ ላይ አይተው «ሎድዝ» የሚሏት ከተማ ናት፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በሽመና ፋብሪካ የበለጸገች። ለውጭ አገር ተማሪዎች ቋንቋ የሚያስተምረው የዉች ዩኒቨርሲቲ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመ ነው፤ እኛም ወደ ምሕንድስናው ከመግባታችን በፊት በእርሱ በኩል አለፍን። ከዚያ ተመልሼ የሥራ ዘመኔን ደብረ ብርሃን፣ ከሱፍና ከብርድ ልብስ ጋር ጨረስሁ። አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ ቋንቋው ግን ከአንደበቴ አልጠፋም።

መጀመሪያ የምልሽ ይህን ነው፤ እንግሊዝኛውን ከመንገድሽ አውጪው። የፖላንድን ስም በእንግሊዝኛ በኩል አዙረሽ ካመጣሽው ሁለት ጊዜ ይሰበራል። ከራሳቸው አፍ በቀጥታ ወደ ፊደላችን አምጪው። ፊደላችን ለዚህ ሥራ ከላቲኑ ይልቅ ይመቻል፤ ይህን የምለው ለአገሬ አድልቼ አይደለም፤ ምክንያቱን ስሚኝ።

ፖላንዶች እ.ኤ.አ. በ966 ክርስትናን የተቀበሉት በሮም ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነው፤ የላቲን ፊደልም ከእምነቱ ጋር ገባ። የላቲን ፊደል ደግሞ ለሽ፣ ለች፣ ለዥ፣ ለኝ የሚሆን የተለየ ምልክት አልነበረውም። ስለዚህ አንዳንዱን ድምፅ ሁለት ፊደል አጣምረው ጻፉት፤ ለሌላው ፊደሉ ላይ ጭረት ወይም ነጥብ አደረጉበት። ይህን እኛም አድርገነዋል! ግእዝ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ አልነበሩትም። አማርኛን ለመጻፍ ሲፈለግ ከሰ ሸ፣ ከተ ቸ፣ ከነ ኘ፣ ከዘ ዠ፣ ከደ ጀ ወጡ፤ አናታቸው ላይ ምልክት እየተጨመረ። የፖላንዱም ኤን ከአናቱ ጭረት ሲያርፍበት ኝ ይሆናል፤ ኤስ ሽ ይሆናል፤ ሲ ች ይሆናል፤ ዜድም ነጥብ ሲያገኝ ዥ ይሆናል።

መምህራችን በሰሌዳው ላይ ኤን ጽፋ ጭረቷን ከላይ ስታሳርፍ፣ እኔ በደብተሬ ላይ ነ ጻፍሁ፤ ቀጥዬም ከአናቱ ሰረዟን ጨምሬ ኘ አደረግኋት። መምህራችን በወንበሮቹ መካከል ስታልፍ አየችው። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ አስረዳኋት። ደብተሩን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ ሁሉ አሳየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ቃል በሰጠችን ቁጥር መጀመሪያ በፊደላችን፣ ቀጥሎ በላቲኑ እጽፈው ጀመር፤ ድምፁን ያቆየልኝም ይኸው ልማድ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝርሽ። ኤስና ዜድ ተከታትለው ስታዪ ሽ በይ። ሲና ዜድ ች፤ አርና ዜድ ዥ። ሲና ኤች ኽ ናቸው፤ ከጉሮሮ የሚወጣው። ደብሊው ቭ ነው፤ ቃል መጨረሻ ላይ ወይም እንደ ስ ባለ ድምፅ አጠገብ ሲሆን ግን ወደ ፍ ይለወጣል። ው የምትባለዋ ሌላ ናት፤ ወገቧ ላይ ጭረት የተጋደመባት ያቺ ኤል። ጄ የእኛ ይ ናት። ኦ አናቷ ላይ ጭረት ካላት ኡ ትሆናለች። ሲ ብቻዋን ስትመጣ ትስ ናት፤ ጽ እንዳትያት፤ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ በአንደበታቸው የሉም።

ከሁሉ የምወዳት ዋይን ነው። ሌሎች የውጭ አገር ተማሪዎች «ኢ» እያሉ ሲታገሏት እኛ ኢትዮጵያውያን በመጀመሪያው ትምህርት አገኘናት። ሳድስ ናት! «ልብ» ስትዪ በልና በብ መካከል የምትሰማው አናባቢ። እንግዲህ የመጀመሪያው እንግዳሽ ክሽሽቶፍ ነው፤ ኪም ሺም የለበትም። አርና ዜድ እዚህ ላይ ለምን ሽ ሆኑ ብትዪ፣ ከክ፣ ከፕ እና ከት በኋላ ወይም ቃል መጨረሻ ላይ ሲመጡ ዥ ወደ ሽ ስለሚለወጥ ነው። የቀሩት ማውጎዣታ፣ ቮይቼኽ፣ አግኜሽካ፣ ፕሼምስዋፍ፣ ግዤጎሽ፣ ዉካሽ ይባላሉ። አግኜሽካን ተመልከቻት፤ ላቲኑ በሦስት ፊደል የሚጽፈውን ኜ እኛ በአንድ ፊደል ጨረስነው።

የድምፁን ኃይል ከመጨረሻው አንድ በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ አሳርፊ። ማውጎዣታ ሲባል የሚጎላው ዣ ነው፤ ግዤጎሽ ሲባል ግዤ። ከዚህ ሕግ የሚወጡት ጥቂት ናቸው፤ ለጊዜው አትጨነቂባቸው።

ሳድስ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኛ ቃል መጨረሻ ላይ ሳድስን አናባቢ አንሰጣትም፤ እነርሱ ይሰጧታል። «እንደምን ዋሉ» ማለት ጄኝ ዶብርእ ነው። «ዶብር» ብለሽ ካቆምሽ ቃሉ ይጎድላል፤ እ ትሰማ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ከባዱ ነገር ይመስለኛል፤ ዉች ሳለን አብረውኝ የነበሩት ሁሉ የታገሉት እርሱን ነው።

ለማንኛውም፣ በግ ኦፍትሳ፣ ሱፍ ቬውና፣ ብርድ ልብስ ኮትስ ነው። መንዝ ስትደርሱ ባናና በርኖስ ለሚሸጡት እናቶች አስተርጓሚ መሆንሽ አይቀርምና ያዣቸው።


ከቭሮትስዋፍ

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ አሁን ቭሮትስዋፍ ከተማ ተቀምጬ እሠራለሁ። ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ላይ ግን ልከራከርዎት። ፊደላችን ይመቻል፣ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ይሸፍናል።

እህቴ፣ ፖላንዶች ሽ ሁለት አላቸው። አንዱ ወፍራም ነው፤ ኤስና ዜድ የሚጻፉበት። ሌላው ለስላሳ ነው፤ ኤስ ከጭረት ጋር፣ ወይም ከኤስ በኋላ አይ ሲከተል። ለስላሳውን ለማውጣት ከንፈርሽን ገለጥ አድርገሽ፣ የምላስሽን መካከል «ይ» ልትዪ ያሰብሽ ይመስል ወደ ላንቃሽ አስጠጊው። ችም፣ ዥም፣ ጅም እንዲሁ ሁለት ሁለት ናቸው። የእኛ ሽ በሁለቱ መካከል ነውና እነርሱ ጆሮ ላይ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይወድቃል። ካታዥና የምትባል ሴት በቁልምጫ ካሻ ትባላለች፤ ሽዋ ለስላሳ ናት። በወፍራሙ «ካሻ» ካልሻት ግን የጠራሻት ቅንጬ ብለሽ ነው፤ ከተከካ እህል ተቀቅሎ የሚበላው ምግብ ስሙ ያ ነው። ስለዚህ እኔ በፊደላችን ስጽፍ ለስላሳዎቹን ከሥራቸው አሰምርባቸዋለሁ። ከዝርዝርሽ ውስጥ የቮይቼኽ ቼ ይሰመርበት፤ የክሽሽቶፍ፣ የአግኜሽካና የዉካሽ ሽ ግን ወፍራም ነው፣ አይሰመርበትም።

ሁለተኛው ነገር ከድምፁም በላይ ያስፈልግሻል። አዋቂን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት እዚህ እንደ ድፍረት ይታያል። ወንዱን ፓን፣ ሴቷን ፓኚ ትያለሽ፤ ግሡም እኛ «እሳቸው» ስንል እንደምናደርገው በሦስተኛ ሰው ይሄዳል። ከቡድን ጋር ስትነጋገሪ ፓኝስትፎ ነው። ወፏን በጣትሽ እያሳየሽ «ይታይዎታል?» ለማለት ለወንድ ቪጂ ፓን? ለሴት ቪጂ ፓኚ? በይ።

ስም ሲጠራ ደግሞ መጨረሻው ይለወጣል። ቋንቋው ሰባት የስም ሙያዎች አሉት፤ ስም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለው ሥራ መጨረሻውን የሚለውጥባቸው መልኮች ማለት ነው፤ አንዱ ለመጥሪያ ብቻ የተለየ ነው። ክሽሽቶፍን ስትጠሪው ፓኜ ክሽሽቶፍዬ! ትያለሽ። በእኛ ጆሮ የማቆላመጫ «ዬ» ይመስላል፤ ግን ቁልምጫ አይደለም፣ ለሁሉም ስም አይሠራም። ማውጎዣታ ፓኚ ማውጎዣቶ፣ አግኜሽካ ፓኚ አግኜሽኮ፣ ዉካሽ ፓኜ ዉካሹ፣ ቮይቼኽ ፓኜ ቮይቼኹ ይሆናሉ። ግዤጎሽ ደግሞ ፓኜ ግዤጎዡ ነው፤ መጨረሻ ላይ ወደ ሽ የተለወጠው ዥ አናባቢ ሲያገኝ ይመለሳል። ፕሼምስዋፍም ፕሼምስዋቭዬ ሲባል ቭውን መልሶ ያገኛል። ጽሑፋቸው ለምን በደብሊውና በአርና ዜድ እንደጻፈው ያን ጊዜ ይገባሻል። ከተማዎቻቸውም እንደዚሁ ናቸው፤ ክራኩፍ ይሉሻል፣ «ክራኩፍ ውስጥ» ሲሉ ግን ፍ ክራኮቭዬ ይሆናል። የጋሼም ዉች «ዉች ውስጥ» ሲባል ቭ ዎጂ ናት።

ጋሼ ወንድ ስለሆኑ አንድ ነገር ከእርሳቸው እንዳትቀጂ። ባለፈ ጊዜ ስትናገሪ ስለራስሽ እንኳ ጾታሽ ይታወቃል። «ገባኝ» ለማለት ወንድ ዝሮዙምያዌም ይላል፤ አንቺ ዝሮዙምያዋም ትያለሽ።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ የሰዋስው መጽሐፍ አትግዢ፤ ከሥራሽ ጀምሪ። ገደል ዳር ስትደርሱ ኡቫጋ! (ተጠንቀቁ)። ዳገት ላይ ፖቮሊ (ቀስ እያላችሁ)። እዚያ ማለት ታም። ዢምኖ ብርድ ነው፣ ዢዋ ለስላሳ ናት፤ ደብረ ብርሃን ጠዋት ሲወርዱ የመጀመሪያ ቃላቸው እርሱ ይሆናል። ሄርባታ ሻይ። ጄንኩዬ ምስጋና፣ ፕሼፕራሻም ይቅርታ። በስልክሽ የፖላንድን ሬዲዮ ክፈቺና ምግብ ስትሠሪ ይንገር፤ ባይገባሽም ጆሮሽ ጉልበቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይለምዳል።

ቁጥርን ግን ተጠንቅቀሽ ያዢው። ወፍ ፕታክ ነው። ሁለት ወፍ ድቫ ፕታኪ ይባላል፤ አምስት ላይ ስትደርሺ ግን ፕዬኝች ፕታኩፍ ይሆናል። ከሁለት እስከ አራት አንድ ዓይነት፣ ከአምስት እስከ ሃያ አንድ ሌላ ዓይነት ነው። ወፍ ለመቁጠር ለሚመጣ ሰው ይህን በትክክል ብትነግሪው ዓይኑን ከመነጽሩ አንሥቶ ያይሻል።

ደግሞ ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ሲያዩ ካቤሩ ሲሉ ትሰሚያለሽ። የእንስሳው የፖላንድኛ ስም ነው፤ የተወሰደው ከእኛው «ቀበሮ» ነው። ጭላዳውንም ጄላዳ ይሉታል።


የሸዋ ሮቢት መምህር

እኔ ቋንቋውን አልተማርሁም፤ ስፖርት ግን እከታተላለሁና በስም ጉዳይ የምለው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ3000 ሜትር መሰናክል እሸቱ ቱራ ነሐስ ሲያመጣ ብሩን የወሰደው የታንዛኒያው ፊልበርት ባዪ ነው፤ ወርቁን የወሰደው ፖላንዳዊ ነው። እንግሊዝኛውን ተከትለን «ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ» ስንለው ኖረናል። በጋሼ ሕግ ብሮኚስዋፍ ማሊኖፍስኪ ሊሆን ነው ማለት ነው? ከጀግናችን ጋር አንድ ሰገነት ላይ የቆመ ሰው ስሙ በትክክል ቢጠራ ይገባዋል።

በእግር ኳሱም ነገሩ ያው ነው። «ሌዋንዶውስኪ» የሚሉትን ትቼ ሌቫንዶፍስኪ ማለት ጀምሬአለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ማሪ ኩሪ ሲጽፉም የቤተሰቧን ስም ጨምረው ስክዎዶፍስካ ብለው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ቫርሻቫ እ.ኤ.አ. በ1867 የተወለደች፣ ያገኘችውን ንጥረ ነገር በአገሯ ስም ፖሎኒየም ያለች ሴት ናት፤ ኩሪ ብቻ ብሎ መተው አገሯን መቀማት ነው። አባትየው ስክዎዶፍስኪ፣ ልጅቱ ስክዎዶፍስካ መሆኗን ግን ማን ያስረዳኛል?


ከቭሮትስዋፍ

መምህር፣ ማሊኖፍስኪን በትክክል ነው የጻፉት። በስኪ የሚያልቅ የቤተሰብ ስም ሴት ስትይዘው በስካ ያልቃል፤ ስሙ እንደ ቅጽል ስለሚቆጠር ከጾታ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ባልና ሚስት አንድ ስም ይዘው መጨረሻው ቢለያይ ዝርዝሩ የተሳሳተ እንዳይመስላችሁ። ሆቴል ለሚመዘግብ ሰው ይህ ይጠቅማል።


የጓሳ ዳር (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እህቴ፣ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም በማስታወሻዬ ላይ ገለበጥሁት፤ ለስላሳዎቹን አሰመርሁባቸው። ፓኜ ክሽሽቶፍዬ፣ ፓኚ ማውጎዣቶ እያልሁ ሳነብ እናቴ ከጓዳ ሆና «ማን መጣ?» አለችኝ።

ትናንት ደግሞ ሁለት ሰዎች ተጨምረዋል። አንዷ አና ናት፤ እርሷ የምታስቸግር አትመስለኝም። ሁለተኛው ስም በጄ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ኢ፣ አርና ዜድ፣ መጨረሻው ዋይ ነው። እንደ ሕጉ ሳነበው «ዬዥ» ይሆንብኛል፤ ግን ጋሼ ስለ መጨረሻዋ ሳድስ ያሉትን አስታወስሁና እርግጠኛ መሆን አቃተኝ።


የመንዝ በርኖስ

በርቺ ልጄ፣ ጥርጣሬሽ ትክክል ነው። ዬዥእ ነው። ዬ ላይ ጉልበት ስጪው፣ ዥ ወፍራሙ ነው፣ ከዚያ ሳድሷን ሳትውጫት አሰሚ። ስሙ ከእኛ ጊዮርጊስ ጋር አንድ ነው።

አና ግን ቀላል አይደለችም። በላቲኑ ኤን ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ሁለቱም ይነበባሉ። «ዋና» ስንል፣ በውሃ የሚዋኘውን ማለቴ ነው፣ ን ይላላል፤ «መና» ስንል፣ ያ ከሰማይ የወረደውን ማለቴ ነው፣ ን ይጠብቃል። አና እንደ መና ትጠብቅ። ማጥበቅና ማላላትን እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ስለለመድነው ይህ ለአንቺ አያስቸግርሽም፤ ብቻ ጻፊው፣ ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት በተራ ጽሑፍ ላይ ስለማያደርግ ከላይ ሁለት ነጥብ አድርጊበት።

የቭሮትስዋፍ እህትሽ ለስላሳና ወፍራም ሽ ላይ ያለችው እውነት ነው፤ ተቀብያለሁ። ማስመሩን ከእርሷ ያዢ። አየር ማረፊያ ልትቀበያቸው የምትሄጂ ከሆነ የምትይዢውን ወረቀት ግን በላቲኑ ከነጭረቱና ከነነጥቡ ጻፊው፤ በእንግሊዝኛ ኮምፒውተር ላይ ጭረቶቹ ሲጠፉ ያዝናሉ። ኤሏን ወገቧ ላይ፣ በእጅሽ፣ በእስክሪብቶ ጨምሪላቸው።